የአረንጓዴው መስመር መጨረሻ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሰውን ስም ያውጣ፤ በባጃጅ መስመር ስም ግን መልአኩ እጁን አላስገባም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የመስመርን ስም የሚያወጣው መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጉሮሮው እስኪሻክር የሚጮኸው ተራ አስከባሪ ነው። «ዩኒቨርሲቲ! ዩኒቨርሲቲ!» ካለ መስመሩ ዩኒቨርሲቲ ነው። «ሆስፒታል፣ አንድ ሰው የሞላ!» ካለ ደግሞ ሆስፒታል ነው። የሚጠራውም ሁልጊዜ የመጨረሻው ማረፊያ ነው። መሃል ላይ የቀረ ሰፈር ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ቢኖረው፣ የቱንም ያህል ሰው ቢውልበት አይጠራም። ሰው ሲሳፈር ማወቅ የሚፈልገው ባጃጁ የት እንደሚያበቃ ነው፤ ሌላውን እየሄደ ያየዋል።

ንጋቷ ከእነዚህ ጯሂዎች አንዷ ናት። በዚያ መናኸሪያ ሴት ተራ አስከባሪ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ሥራ የጀመረች ሰሞን ሾፌሮቹ ሊስቁባት ተሰልፈው ነበር። ድምፅዋን ሲሰሙ ሳቁን ተዉትና ቅጽል ስም አወጡላት፤ ባቡር አሏት። ድምፅዋ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ንጋቷ ወደ ትውልድ ከተማዋ ከመመለሷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ስታዲየም ጣቢያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የቀላል ባቡር ትኬት ትሸጥ ነበር። ይህንንም የማያውቅ ሰው መናኸሪያው ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም እሷ አታስረሳም። ሰልፍ ሲፈርስ «ባቡር ላይ ቢሆን» ትላለች። ሾፌር ሲያረፍድ «ባቡር ላይ ቢሆን» ትላለች። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣም እንደዚሁ ብላለች እያሉ ያሟታል፤ እሱ እንኳን ውሸት ሳይሆን አይቀርም።

ከአዲስ አበባ ያመጣት የእናቷ መውደቅ ነው። እናቷ እማማ በየነች በሚዛን ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ዝናባማ ጠዋት ዘንቢላቸውን አዝለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጭቃው አንሸራተታቸውና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ተኝተው፣ ታክመው፣ በምርኩዝ መራመድ ጀመሩ። ሜዳ ሜዳውን ይሄዳሉ። ዳገትና ቁልቁለት ግን ሐኪሙ ከልክሏቸዋል፤ እሱ ባይከለክላቸውም ዳሌያቸው ይከለክላቸዋል።

ቤታቸው ደግሞ ዳገት ላይ ነው። ሰፈሩ ቀረሮ ሥር ይባላል፤ የቡናው ጫካ ሲመነጠር የተረፈ አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ከነግርማው ስለቆመበት ነው። ባጃጅ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ያለው ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሲመለሱም ባዶ ነው ብለው ሾፌሮቹ እዚያው ጋ ይዞራሉ። የመስመሩም ስም ወፍጮ ነበር። «ወፍጮ! ወፍጮ!» ተብሎ ይጠራል፤ ተሳፋሪው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ይወርዳል፤ የቀረሮ ሥር ሰው ሱሪውንም ቀሚሱንም ሰብስቦ በእግሩ ይወጣል። ማንም ማንንም መክሰስ አይችልም፤ ወፍጮ ተብሎ ነው የተጠራው፣ ወፍጮ ነው የደረሰው።

የቀረሮ ሥር ስም ከተማው ውስጥ ጎልቶ የሚሰማበት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከሰፈሩ ሰው የሞተ እንደሆነ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ እስከ ገበያው ወርዶ፣ ጥሩንባውን ነፍቶ፣ «ቀረሮ ሥር! ቀረሮ ሥር!» ብሎ ይለፍፋል። ከዚያ ነው የሟቹን ስም የሚያስከትለው። ገበያ የዋሉ የሰፈሩ ሴቶች ያንን ሲሰሙ ሚዛናቸውን ጥለው፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ይጠብቃሉ። እማማ በየነችም ስንቱን ጎረቤታቸውን በዚህ ዓይነት ሰምተው ተነስተዋል።

አሁን ግን ገበያም የለ፣ መስማትም የለ። ደጃፋቸው ላይ ዱካ አስወጥተው ተቀምጠው ይውላሉ፤ ኮረሪማ ሲፈለፍሉ፣ በቤንችኛ ለብቻቸው ሲያጉተመትሙ። ገበያ ላይ የነበራቸውን ቦታ ጓደኞቻቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጠው ይጠብቁላቸዋል። ግን የቡና ለቀማ ሲደርስ ገበያው ይጠባል፤ ከሸኮም ከቴፒም ነጋዴ ይመጣል፤ ያኔ ባዶ ድንጋይ ቦታ አያስከብርም። «ለለቀማ ካልደረስሽ አንችልም፣ በየኑ» ብለው ልከውባቸዋል። እሳቸው ደግሞ ቦታውን የወረሱት ከእናታቸው ነው። እማማ በየነች መልእክቱን ሰምተው «ደግ» ከማለት በስተቀር ምንም አላሉም፤ በማግስቱ ግን ኮረሪማውንም መፈልፈል ተዉ። ንጋቷን ያስደነገጣት ይሄ ነው። እናቷ ሲያጉተመትሙ ታውቃቸዋለች፤ ዝም ሲሉ አታውቃቸውም።

ኮንትራት ባጃጅ በየገበያው ቀን ልከራይ ብትል፣ የሚመጣ ሾፌር አጣች። የመጣውም ዳገቱን አይቶ ይመለሳል።

ታዲያ የባጃጅ ማኅበሩ መስመሮቹን እንደ አዲስ ሊደለድል ስብሰባ ሲጠራ፣ ንጋቷ የሄደችው ልቧ በአፏ ሆኖ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ይርዳው ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝግተኛ፣ ነገር ሳያላምጡ የማይውጡ ሰው። ንጋቷ ተነስታ የሰፈሯን ነገር ተናገረች። አራስ በቃሬዛ እንደሚወርድ፣ ተማሪ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ክፍል እንደሚገባ ተናገረች። የእናቷን ነገር ስትጀምር ድምፅዋ ስለተሰበረ ተቀመጠች። ጋሽ ይርዳው አላመጡ፣ አላመጡና፣ «የወፍጮ መስመር ከዛሬ ጀምሮ እስከ ቀረሮ ሥር ይውጣ» አሉ። ጥቂት ሾፌሮች አጉረመረሙ እንጂ የተቃወመ የለም። አለቀ። እልል ያሰኛል።

እዚያ ላይ ዝም ብላ ብትቀር ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ።

ቀጥሎ የመስመሮቹ ስም ተነሳ። አንዱ በቁጥር ይሁን አለ፤ አንዱ ስም ምን ያደርጋል አለ። ጋሽ ይርዳው ዞር ብለው፣ «እስቲ ባቡር ያየችው ትንገረን። እዚያ መስመሩን ምን ብለው ይጠሩታል?» አሉ። በጉባኤ ፊት ባቡር ተብላ፣ ያውም በክብር፣ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። ተነሳች። የትኬት ክፍሏ ግድግዳ ላይ የነበረው ካርታ ፊቷ ድቅን አለ፤ ከምሥራቅ ምዕራብ አረንጓዴ፣ ከሰሜን ደቡብ ሰማያዊ፣ ቁልጭ ያለ። «በቀለም ነው!» አለች። «አረንጓዴ መስመር፣ ሰማያዊ መስመር። የእኛም እንደዚያው ቢሆን ባጃጁ ግንባር ላይ ይቀባል፤ ማንበብ የማይችልም ያውቀዋል። ከተማችንም ከተማ ትመስላለች።»

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ሚዛን ከአዲስ አበባ እኩል መሆኗ ነው እኮ! የወፍጮው መስመር፣ አሁን የቀረሮ ሥሩ መሆኑ ነው፣ አረንጓዴ ደረሰው። ንጋቷ ወደ ቤቷ የወጣችው ጭቃው እግሯ ላይ ሳይሰማት ነው። እናቷን አቅፋ፣ «እማዬ፣ አረንጓዴ መስመር ደጅሽ ድረስ ይመጣል!» አለቻቸው። እማማ በየነች በዚያ ቀን ዘንቢላቸውን አስወርደው አራገፉ።

ባጃጆቹ ተቀቡ። በማግስቱ ንጋቷ ደረቷን ነፍታ «አረንጓዴ! አረንጓዴ!» ብላ ጠራች። ተሞላ፣ ሄደ። ማታ ስትመለስ ግን አረንጓዴዎቹ በሙሉ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲዞሩ አገኘቻቸው። እናቷ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ቁጭ ብለው መንገድ ሲያዩ ውለዋል።

መናኸሪያው ውስጥ ከሁሉ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ሾፌር ቲቶን ያዘችው። ቲቶ የሰው ክፉ አይደለም፤ ባጃጁን ግን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል ይባላል፤ ሚስቱም ይህንኑ ትላለች።

«ቲቶ፣ መስመሩ እስከ ቀረሮ ሥር ነው አልተባለም?»

«ተብሎ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን ወፍጮ ላይ ትቆርጣለህ?»

«እኔ ምን ቆረጥኩ? አረንጓዴ ብለሽ ጠራሽ፤ አረንጓዴ ብዬ ጫንኩ። ወፍጮ ቤት ስደርስ ግንባሬን አየሁት፣ አሁንም አረንጓዴ ነው። ተሳፋሪም አልተጣላኝም። አረንጓዴ የት እንደሚያበቃ የተናገረ አለ?»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይሄ ነው። ለእናቷ መንገድ ልታወጣ ሄዳ፣ ቀለም ቀብታ ተመለሰች።

እማማ በየነች ሲነገራቸው አልተቆጡም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉና ዘንቢሉን መልሳ እንድትሰቅለው አዘዟት። ንጋቷ ዘንቢሉን ስትሰቅል ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ጠዋት ጭቃውን ስትወርድ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ፣ ስታዲየም ትዝ አላት። ያ ሁሉ ዓመት በዚያች መስኮት እጁን የዘረጋ ሰው ምን ነበር የሚላት? «የመጣው የአያት ነው የቃሊቲ?» ነው። አረንጓዴውን ስጪኝ ያላት አንድም ሰው አታስታውስም። ካርታው እሷን ነው ያማለላት እንጂ፣ ሰውስ እንደ ሚዛን ሰው መጨረሻውን ነበር የሚጠይቀው። ደግሞስ ባቡሩ አረንጓዴ ተባለ፣ ቀይ ተባለ፣ ምን ይሆናል? ሐዲድ አለው፤ መሃል መንገድ ላይ ሽው ብሎ አይዞርም። ባጃጅ ምን አለው? ከስሙ በስተቀር ምንም ሐዲድ የለውም። ወፍጮ ካልከው ወፍጮ ያበቃል፤ ምንም ካላልከው ደስ ያለው ቦታ ያበቃል። ንጋቷ መንገድ መሃል ቆማ ግንባሯን ጭቃ በነካው መዳፏ መታች። ጭቃ በጭቃ ሆነች፤ ግድ አልሰጣትም።

ጋሽ ይርዳው ዘንድ ሄደች። «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ስሙ ይለወጥልኝ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም እኮ» አሉ እሳቸው። «ዛሬ ስም፣ ነገ ስም ብንል ሰው ምን ይለናል? ቀለሙን አልነካም።» ጥቂት አላመጡ። «ግን ቀለም አይጮህም። የምትጮኺው አንቺ ነሽ። የምትጠሪውን ቃል እኔ አልመርጥልሽም።»

ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? መናኸሪያው የራሱ ሕግ አለው፤ በስም ተጠርቶ የገባ ተሳፋሪ በተጠራበት ስም ይደርሳል። በዚህ ሕግ ላይ ሾፌሮቹ ራሳቸው ቀልድ አያውቁም፤ ይህን ያፈረሰ ሾፌር ተሳፋሪ ብቻ ሳይሆን የሚያሰልፈውም ያጣል። ማታ ቤቷ ገብታ፣ «እማዬ፣ ነገ ወደ ማታ ባጃጅ ይመጣል» አለቻቸው። እማማ በየነች ቀና ብለው የተሰቀለውን ዘንቢል አዩ።

በማግስቱ ወደ አመሻሹ ላይ ተራው የቲቶ ሆነ። ንጋቷ ትንፋሽዋን ሰበሰበችና ለቀቀችው። «ቀረሮ ሥር! ቀረሮ ሥር! የሞላ ቀረሮ ሥር!»

ቲቶ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ኧረ ባቡር፣ ምን እያልሽ ነው? አረንጓዴ በይ!» አላት።

«አረንጓዴማ አንተ ነህ። እኔ የምጠራው ሰው የሚወርድበትን ነው።»

መጀመሪያ የገባችው ሐፍሳ ነበረች፤ ቀረሮ ሥር ትንሽ ሱቅ ያላት፣ የሳሙና ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ ንጉሥ የማያስነሳት ሴት። ሁለት ሰዎች ተከተሏት። የንጋቷ ሥራ ለዕለቱ አብቅቶ ስለነበር እሷም ከሾፌሩ ጎን ተጠጋግታ ተቀመጠች። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ቲቶ እንደ ልማዱ ቆመ።

«ወራጅ» አለ።

«የት ነው ያለነው?» አለች ሐፍሳ።

«ወፍጮ ቤት ነዋ!»

«እኔ የተጠራሁት ቀረሮ ሥር ተብዬ ነው። ወፍጮ የተባለ ካለ ይውረድ፤» አለችና ካርቶኗን አመቻቸች።

ማንም አልወረደም። ቲቶ ወደ ንጋቷ ዞረ፤ ንጋቷ ወፍጮ ቤቱን ትመለከታለች፤ ጣራው ላይ ምን እንዳየች እንጃ። ወፍጮ ቤት ደጃፍ የቆመው ሰው መሳቅ ጀመረ። በሰው ፊት በስም ተጠርቶ የገባን ተሳፋሪ ማውረድ ቲቶ አይችልም፤ ነገ በምን ፊቱ ይሰለፋል? «እሺ! ግን ባጃጄ አንድ ነገር ቢሆን» አለና ዛቻውን ሳይጨርስ ሞተሩን አስነሳ።

ባጃጁ አንድ ነገር ሆነ እንጂ! መሃል ዳገት ላይ ጎማው ጭቃው ውስጥ ተቀበረና አልወጣም አለ። ሐፍሳ ካርቶኗን ተሸክማ ወረደች፣ ሌሎቹም ወረዱ፣ ከየአጥሩ ሰው ወጣ፤ አንድ ሁለት ብለው ገፉት። ቲቶ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ተረጭቶ፣ የእናቱንም የአባቱንም አምላክ እየጠራ፣ «ይሄን ሁሉ ወጥቼ ደግሞ ባዶዬን ነው የምመለሰው!» እያለ ቀረሮው ሥር ደረሰ።

ዛፉ ሥር ዱካ ላይ እማማ በየነች ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን እንደ ዱላ ይዘዋል። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ሐኪም ቤት ለተኛ ወንድሙ እራት የያዘ ሰው አለ፣ ሙዝ ይዛ ለጉልት የምትወርድ ሴት አለች፣ የማታ ትምህርት የሚማሩ ልጆች አሉ። ባጃጁ ገና ሳይቆም እማማ በየነች ምርኩዛቸውን አንስተው፣ «መናኸሪያ! መናኸሪያ! ተራችሁን ጠብቁ፣ አትጋፉ!» ብለው ጮኹ። ንጋቷ ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው ያኔ ገባት።

ቲቶ መቆጣት አማረው፤ አልሆነለትም፤ ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎም ተራ አስከባሪ ሆኑ?»

«ልጄ ከታች ሰው ሞልታ ስትልክህ፣ እኔ ከላይ ሞልቼ ካልመለስኩህ ለምን ትመጣለህ?» አሉት። «ጫን በል፤ ይመሽብሃል።»

ላም አለኝ በሰማይ ያሉት ሴት፣ ልጃቸውን ባያምኑም ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ሰው ልከው፣ ከተማ የሚወርድ ሁሉ ዛፉ ሥር ይጠብቅ ብለው ነበር። ንጋቷ ይህን ስትሰማ ሰው እያያት አለቀሰች፤ አላፈረችም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ ማለት አይቻልም፤ ዝናብ ሲጥል የሚቀር ቀን አለ። ቢሆንም በሰንበት ማግስት ሰፈሩ ደቦ ወጥቶ ጭቃውን ድንጋይ ሞላው፤ ቲቶም ከወንዝ ዳር ገረጋንቲ በጋሪ አስመጣ፤ ለባጃጄ ብዬ ነው ይላል፣ ማንም አላመነውም። አንዱ ሾፌር ሞልቶ ወጥቶ ሞልቶ ሲመለስ ያየ ሌላው ሾፌር ሳይጠሩት ይመጣል። ጋሽ ይርዳውም አላምጠው ሲጨርሱ፣ ቀለሙን ሳይነኩ፣ አረንጓዴው ላይ በነጭ «ቀረሮ ሥር» እንዲጻፍበት አዘዙ።

ቡናው መቅላት እንደጀመረ፣ በገበያ ቀን፣ እማማ በየነች ታጥበው፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ከቀረሮው ሥር ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የወደቁበትን ቦታ አላዩትም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ገበያ ሲደርሱ ጠፍጣፋው ድንጋይ እንደነበረ ነበር። ጓደኞቻቸው ሲያዩአቸው ጮኹ፣ ሳሟቸው፣ ሰደቧቸውም፤ «ይሄን ያህል ትኮሪብናለሽ?» አሏቸው። እማማ በየነች ድንጋዩን አንስተው ወደ ጎን አኖሩትና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ኮረሪማቸውን የገዛ ሰው ከወትሮው ጨመር አድርገው ሰፍረውለታል።

ገበያው ሊበተን ሲል ንጋቷ ሥራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ እናቷን ልትወስድ መጣች። ክንዳቸውን ይዛ፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። በሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ፣ ከወዲያ ማዶ፣ ከሰው መሃል፣ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ተነሳ።

«ቀረሮ ሥር! ቀረሮ ሥር!»

እማማ በየነች ቀጥ ብለው ቆሙ። የልጃቸውን ክንድ ጨምድደው ያዙ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህ ስም በዚህ ከተማ ሲጮህ የሰሙት ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ሞተ?» አሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

ንጋቷ እናቷን አየቻቸው።

«ማንም አልሞተም እማዬ» አለቻቸው። «ቲቶ ነው። ቤታችን ሊያደርሰን ነው የሚጠራው።»

እማማ በየነች ጥቂት አዳመጡ። ቲቶ ደገመው፣ ሰለሰው። ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ፤ ምርኩዛቸውን አደላደሉ።

«እንግዲያው ጮክ ብሎ ይጥራ» አሉ። «ሰው ይስማው።»